ለጁል ቬርን ግማሽ ገጽ ስጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ከድሬዳዋ ሰላም ብያለሁ። ሙቀቱ እንደተለመደው ነው፣ እሱን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የፈረንሳዊው ደራሲ የጁል ቬርን መጽሐፍ በአማርኛ በጋዜጣችሁ ይውጣልን ነው የምለው።

ባለፈው በአንባቢያን ዓምድ ላይ አንድ ጸሐፊ የዘንድሮ ወጣት የሌለ ዓለም እያየ ዕድሜውን ይፈጃል ብለው ነበር። ሮኬት፣ ሮቦት፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር፣ ይሄ ሁሉ የጠገበ አገር ጨዋታ ነው፤ እኛ የራሳችንን ጣጣ ሳንጨርስ ማርስ ላይ ምን እንሠራለን፣ ነው ነገሩ። ጽሑፋቸው ጥሩ ነው። የሳቅኩበትም ቦታ አለ። ግን ሰውየው ሳይንስ ፊክሽንን፣ ማለትም ሳይንስን ይዞ የሚፈጠር ታሪክን፣ የሚያውቁት በማስታወቂያው ብቻ ይመስለኛል። ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልቻልኩም።

እኔ በዚህ ነገር የተለከፍኩት በቪዲዮ ቤት ዘመን ነው። አሁን ልጆቹ ፍላሻቸውን ይዘው ሄደው ያስጭናሉ፣ ወይ በቴሌግራም ያወርዳሉ። ያኔ ግን መጋረጃ የተጣለበት ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ እንግሊዝኛ የሚሞክር አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊት ቆሞ እየተረጎመ ነበር የምናየው። በ1984 የወጣውን «ተርሚኔተር» ያየሁት እንደዚያ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ)። ግማሹን ትርጉም ልጁ ከሆዱ አውጥቶ እንደጨመረበት ያወቅነው አድገን ስናየው ነው። ቢሆንም ዋናው ነገር አላመለጠንም። ከፊልሙ ስንወጣ ማንም ስለ ጠመንጃውና ስለ ጡንቻው አያወራም። ክርክሩ ሌላ ነበር፤ ፊልሙ ላይ በወደፊቱ ዘመን ያለ አንድ ሰው የገዛ አባቱን ወደ ኋላ ዘመን ልኮ አባቱ እናቱን እዚያ ካገኛት፣ ባይልከው ኖሮ እሱ ከየት ይመጣ ነበር? እስከ ራት ሰዓት ተጨቃጭቀንበታል። አንዱ ተናዶ «አቦ ተዉኝ፣ ራሴ ዞረ» ብሎ ጥሎን ሄደ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዚያ ጠይቆኝ የሚያውቅ አስተማሪ አላስታውስም።

አሁን «እኛን ምን አገባን» ወደሚለው ልምጣ። ኤች. ጂ. ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» የሚለውን ድርሰቱን በ1897 በመጽሔት በተከታታይ አወጣው፣ በ1898 መጽሐፍ ሆነ። ዓድዋ 1896 ነው። ልብ በሉልኝ፣ አውሮፓ ዓለምን እንደ ቅርጫ ሥጋ በሚከፋፈልበት ሰዓት አንድ እንግሊዛዊ ቁጭ ብሎ «እኛ በሌላው ላይ የምናደርገውን ከእኛ የበረታ መጥቶ ለንደን ላይ ቢያደርግብንስ?» ብሎ ጻፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ የለጠፍኩበት ትርጉም አይደለም። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ለንደንን የሚወሩትን የማርስ ፍጡሮች ከመኮነናችን በፊት አውሮፓውያን አውስትራሊያ አጠገብ ባለችው በታዝማኒያ ደሴት የነበረውን ሕዝብ እንዴት እንዳጠፉት እናስታውስ ይላል። ማርሶቹ ሁለት መሣሪያ አላቸው፤ የሚያቃጥል ጨረርና ሰው የሚጨርስ ጥቁር ጭስ። መጽሐፉ ከወጣ አርባ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን በእኛ ላይ ረጨ። ይሄን የሚያውቅ ሐበሻ ያንን ምዕራፍ ሲያነብ ከእንግሊዙ አንባቢ ይልቅ ይሰማዋል እንጂ አይርቀውም። ማርሶቹ መጨረሻ ላይ የሚያልቁት ደግሞ በመድፍ አይደለም። በዓይን በማይታይ ተሕዋስ ነው። ታዲያ ይሄ የማን ጨዋታ ነው?

ፊልም የሠሩበት ሰዎች ግን የታዝማኒያውን ክፍል ይዘሉታል። እንደኔ እንደኔ መጽሐፉን የሚያህል ፊልም እስካሁን አልወጣለትም።

እንግሊዛዊቷን ደራሲ ሜሪ ሼሊንም ላንሳ። «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ የጀመረችው በ1816፣ በ18 ዓመቷ ነው። ታትሞ የወጣው በ1818 ሲሆን የመጀመሪያው እትም ላይ ስሟ የለም። በ1816 አውሮፓ በጋ አልነበራትም ይባላል፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1815 ፈንድቶ ሰማዩን ስላጠቆረው ብርዱና ዝናቡ ሜሪንና ጓደኞቿን ቤት አስቀመጣቸው፣ እነሱም የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ፊልሙ ላይ ያለውን አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበትን ዲዳ ጭራቅ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ፍጡር ግን ይናገራል፣ ያነባል፣ ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይሞግታል። «ፈጥረኸኝ ለምን ሸሸኸኝ?» ነው ጥያቄው። ወልዶ የጠፋ አባት ላለበት ሰፈር ይሄ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዘመናዊዎቹ ደግሞ «ዱን»ን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እሱን የሚረዳ ሰው ካለ የድሬ ሰው ነው። የ2021ዱን ፊልም ያየነው ግቢ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አወጣነው። ወንዶቹ በሽርጥ፣ ቬንትሌተሩ ወደ አዋቂዎቹ ዞሮ፣ ሻሂው መሬት ላይ። ፕላኔቷ በረሃ ናት፣ ጠብታ ውሃ እንደ ወርቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ የበረሃው ሰዎች አለቃ ከመስፍኑ ጋር ሊነጋገር ይገባና ጠረጴዛው ላይ እንትፍ ይላል። የመስፍኑ ሰዎች ተናደው ሊነሱበት ሲሉ አንዱ ያስቆማቸዋል፤ ሰውየው ከገላው ያለውን እርጥበት ስጦታ ሰጠን፣ አመስግኑት ይላቸዋል። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሰዎቹ ላባቸውንና ሽንታቸውን አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣ ልብስ ለብሰው መሄዳቸውን ሲያዩ ደግሞ አንዲት እትዬ «ላብ ማጠራቀም ከሆነማ ድሬ ባሕር ይወጣት ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን በትርጉም ማገዝ አላስፈለገም። ማን ውሃውን ይቆጣጠራል የሚለውን ሁሉም ገብቶታል።

መጽሐፉ ላይ ያለው ግን ከዚያ ይጠልቃል። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ሲያሳትመው ብዙ አሳታሚዎች መልሰውበት፣ በመጨረሻ የተቀበለው በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ድርጅት ነው። ሐሳቡ የመጣለት አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ መንገድና ቤት የሚውጥ የአሸዋ ክምር በሣር ሲገታ አይቶ ነው። እዚያ በረሃ ላይ ውሃ በረከት ብቻ አይደለም፤ ግዙፎቹን የአሸዋ ትሎች የሚገድላቸው ውሃ ነው፣ ምድሩ ሁሉ የቆመው ደግሞ በእነሱ ላይ ነው። የከተማችንን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ የሚያውቅ ይሄን ይረዳል። ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በእኛ 1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዶብናል። የ2021ዱና የ2024ቱ ፊልሞች ለዓይን ግሩም ናቸው፣ የውሃውን ሐሳብ ግን ገረፍ አድርገው ነው ያለፉት። ያየ ሁሉ መጽሐፉን ቢያነብ እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ካባ ለብሶ የሚበርረውን ጀግና እኔ ከዚህ ወገን አልቆጥረውም። እሱ ተረት ነው፣ ተረት ደግሞ ክፋት የለውም፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይንስ ፊክሽን አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በሕጉ ያስኬዳል። ካጭበረበረ አንባቢው ይይዘዋል።

በዚህ ነገር ላይ ጁል ቬርንና ዌልስም አልተስማሙም። ዌልስ በ1901 መጽሐፉ ላይ ሰዎቹን ወደ ጨረቃ የሚልካቸው የስበት ኃይልን በሚከልል ንጥረ ነገር ነው። አዛውንቱ ቬርን ሲጠየቅ ተቆጣ፤ እኔ በባሩድ ነው የምልከው፣ እሱ ግን ብረት ፈጠረ፣ እስቲ ብረቱን ያሳየኝ አለ። እኔ ቬርን ቢቆጣም ሁለቱንም እወዳለሁ። ደግሞ ሰዎቹን ወደ ጨረቃ የሚተኩስበት የቬርን መድፍም ቢሆን ሰላም አልነበረም፤ እንደዚያ በአንድ ጊዜ ቢተኮስ ተሳፋሪዎቹ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጡ ይጨፈለቁ ነበር። እሱን አንብቦ ያደገው ሩሲያዊው አስተማሪ ጺዮልኮቭስኪ ነው «መድፍ ሳይሆን ሮኬት ነው የሚያስኬደው» ብሎ በ1903 ሒሳቡን ያወጣው።

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይሄው ነው። «ከመሬት ወደ ጨረቃ» የተባለውን የቬርን መጽሐፍ በጋዜጣችሁ ላይ በተከታታይ አውጡልን። በአማርኛ።

ለምን እሱን? አንደኛ ነገር ሲወለድም ጋዜጣ ላይ ነው የተወለደው፤ በ1865 ፓሪስ ውስጥ በሚታተም ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ነው በክፍል በክፍል የወጣው። 28 ምዕራፍ ነው፣ አጫጭር ናቸው፣ በሳምንት አንድ ቢወጣ ግማሽ ዓመት ትንሽ አለፍ ይላል። ደግሞ ሰው የሚያስበው ዓይነት ደረቅ መጽሐፍ አይደለም፣ ያስቃል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አልቆ ሥራ የፈቱ መድፍ ሠሪዎች ባልቲሞር ውስጥ ማኅበር አላቸው። ግማሾቹ እጅ ወይም እግር የላቸውም፤ አንደኛው በእጁ ፋንታ ሜንጦ ነው ያለው። ሰላም ሰለቻቸው። የሚተኩሱበት ቢያጡ ጨረቃን እንምታ አሉ። ጦርነት ካላየ ሥራ ያጣ የሚመስለውን ሰው እኛም አናጣውም።

ከዚያ መድፉ የት ይተከል የሚለው ጣጣ መጣ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ «እኔ ጋ፣ እኔ ጋ» ብለው ሊጋደሉ ደረሱ። ፋብሪካው በእኛ በኩል ይሁን፣ መንገዱ በእኛ በኩል ይለፍ ሲባል የሰማ ሁሉ በዚህ ምዕራፍ ይዝናናል። ገንዘቡ ሲዋጣ ደግሞ እያንዳንዱ አገር ያዋጣው ተዘርዝሮ፣ ቬርን በእያንዳንዱ ላይ ይቀልዳል። እንግሊዝ አምስት ሳንቲም አትሰጥም። ቱርክ በደንብ ትሰጣለች፤ ጨረቃ ዓመቷንና የረመዳን ጾሟን ስለምትቆጥርላት ጉዳዩ የራሷ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ጎረቤት ሁሉ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ከተማ ይሄ ገጽ ሳይነበብ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ትንቢቱንም ካነሳን፣ በዚህኛውና በተከታዩ መጽሐፍ ላይ ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ ተነስተው፣ ጨረቃ ላይ ሳያርፉ ዞረዋት፣ ተመልሰው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ። የአሜሪካው መንኮራኩር አፖሎ 8 በታኅሣሥ 1968 ያደረገው ይሄንኑ ነው። ሦስት ሰው፣ ፍሎሪዳ፣ ጨረቃን መዞር፣ ፓሲፊክ። ቬርን ጠንቋይ ስለነበረ አይደለም። ለማስወንጨፍ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ቦታ ይሻላል ብሎ አስልቶ ነው።

ፈቃድ ከየት እናመጣለን እንዳትሉ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲው መብት የሚጠበቀው በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ቬርን የሞተው በ1905 ነው። ዌልስ በ1946። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ችግር የሚሆነው የሌላ ሰው አዲስ ትርጉም ላይ ተመሥርቶ መተርጎም ነው፤ በዚያ ላይ የድሮዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች የቬርንን መጻሕፍት ቆራርጠዋቸዋል፣ ሒሳቡንም አበላሽተውበታል። ስለዚህ ቀጥታ ከፈረንሳይኛ መሆን አለበት።

ከፈረንሳይኛ የሚተረጉም ደግሞ የት አለ ካላችሁ፣ ድሬ ነዋ። ይህች ከተማ እኮ ባቡር የወለዳት ናት። ሐዲዱ በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ የከዚራ ሰፈርም የለም፣ ጥላ ያለው መንገዱም የለም። በምድር ባቡር ቤት የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ቲኬቱ፣ ደብዳቤው፣ የመለዋወጫው መዝገብ፣ ስድቡ ሳይቀር። ከዚያ ቤት ጡረታ የወጡ አባቶች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የጥንቱን ሎኮሞቲቭ ዓይነት በዓይነት ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ቬርን ስለ ብረት ማቅለጥና ስለ መድፉ ውፍረት የጻፈውን ገጽ ከእነሱ የተሻለ ማን ይተረጉመዋል? አንዳቸውን «ጋሼ፣ ይሄ ቃል ምንድነው?» ብዬ አንድ ገጽ ባሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ምዕራፉን ጨርሰው ነው የመለሱልኝ። ከዚያ «እንዲህ አይቀለጥም» ብለው ቬርንን ራሱን አረሙት። ይሄ ዕውቀት ወረቀት ላይ ሳይሰፍር አብሯቸው ሊሄድ ነው።

ሐረርም እንዳይቀርባት። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት የሚጎበኝ ሁሉ ስለ ግጥሙ ይነገረዋል። ሰውየው ግን ሐረር በነበረበት ጊዜ ግጥም ትቶ የእንጨትና የብረት ሥራ መመሪያ መጻሕፍት ላኩልኝ እያለ ነበር ለቤተሰቡ የሚጽፈው። በ1883 ከሐረር በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ወንድ ልጅ ቢኖረው በሳይንስ የከበረ ስመ ጥር መሐንዲስ እንዲሆንለት ይመኛል። ጀጎል ውስጥ ሆኖ ያንን ሲመኝ ቬርን ገና በሕይወት ነበር፣ እየጻፈም ነበር።

ወጣቱ የተረሳ እንዳይመስላችሁ። አዲሱን ባቡር ቻይናዎች ሠርተውት በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ ከእነሱ ጋር ሲውሉ ቻይንኛ የለመዱ ልጆች ተፈጥረዋል። ሊዩ ሲሺን የሚባለው ቻይናዊ «ሦስት አካል»ን የጻፈው በኃይል ማመንጫ ጣቢያ የኮምፒውተር መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ ነው፤ በ2015 ለሳይንስ ፊክሽን የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘበት። ገጸ ባሕርያቱ ትንሽ እንጨት እንጨት ይሉኛል፣ ሐሳቡ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ከቻይናው የባህል አብዮት ግርፋት ተነስቶ፣ በሰው ልጅ የተማረረች አንዲት ሳይንቲስት ወደ ሰማይ የላከችው መልእክት ምን ይዞ እንደሚመጣ ያሳያል። እሱ ነፃ አይደለም፣ ደራሲው በሕይወት አለ። ከዋናው ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ግን በጋዜጣችሁ ላይ ስለ መጽሐፉ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም።

ፊልም መሥራት የሚፈልጉትም ብር የለንም ይላሉ። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 የሠራው «ላ ዠቴ» 28 ደቂቃ ነው፤ ከአንዲት ቅጽበት በቀር ሁሉም ቆሞ የቀረ ፎቶግራፍ ነው፣ በላዩ ላይ ድምፅ ይተርካል። ጊዜን ስለ መሻገር ከተሠሩት ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። «ፕራይመር» የተባለው የ2004 ፊልም ወደ 7 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የፈጀው። የእኛው «ክራምብስ»ም አለ፤ በ2015 የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ቢሆንም ተዋንያኑ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ የሚነጋገሩትም በአማርኛ ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ያለ አገር ነው የሚያሳየው፤ የዛሬው የፕላስቲክ መጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ጥንታዊ ቅርስ በውድ ይሸጣል። ሰፈሬ ያሳየኋቸው ልጆች ከግማሽ በላይ «አማርኛ እንደዚህ ይሆናል እንዴ?» ነው ያሉኝ። ስልክና አሮጌው ባቡር ጣቢያ ካላቸው የቀራቸው ጽሑፉ ነው።

«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»ንም አስነሥቼባቸው ነበር። የመጀመሪያው 25 ደቂቃ ገደማ አንድ ቃል አይነገርም። «አክተሩ የቱ ነው?» አለኝ አንዱ። ቆይቶ መንኮራኩሯን የሚመራው ኮምፒውተር በሩን አልከፍትም ሲል ግን የተኙትም ነቁ። አሁን ከስልካቸው ጋር በየቀኑ እያወሩ ስለሆነ ይመስለኛል፣ የ1968 ፊልም ለእነሱ ያረጀ አልመሰላቸውም።

ግማሽ ገጽ ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ የስፖርቱን ገጽ ንኩ አልልም፣ ከተማው ይቀየመኛል። የኮከብ ቆጠራው ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ተመሳሳይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የእኔ ኮከብ ሁልጊዜ «መንገድ አለብዎ» ነው የሚለው። እሱን ቦታ ስጡን፣ እኛ መንገዱን ጨረቃ ድረስ እናደርገዋለን።

ክፍያ አንጠይቅም፤ የተርጓሚዎቹ ስም ከርዕሱ ሥር ይውጣ፣ ጋዜጣውም ድሬ በሰዓቱ ይድረስ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቋል፣ የሚተረጉሙት ሁለት የባቡር ቤት አባቶች በአንድ አንቀጽ ላይ ስላልተስማሙ ነው የዘገየው። የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ በፎቶ አንስቼ ልላክ ወይስ አስተይቤ? መልሳችሁን በዚሁ ዓምድ እጠብቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ